ዝም ያለ ስክሪፕት ደህና ነው ማለት አይደለም

ባለፈው ዓመት ማኅበራችን ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የደም ግፊት ምርመራ አዘጋጅቶ ነበር። ሦስት ጠረጴዛ፣ በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ሁለት የነርሲንግ ተማሪዎችና አንድ ላፕቶፕ። የተለካው ሰው ሁሉ ስሙ፣ ስልኩና ልኬቱ ይመዘገባል። 140/90 እና ከዚያ በላይ ለሆኑት በሳምንቱ ውስጥ ደውለን ከሐኪም ጋር ቀጠሮ ልናስይዝ ቃል ገብተናል። የሦስቱን ጠረጴዛ ፋይሎች አንድ አድርጎ የሚደወልላቸውን ሰዎች የሚለየውን ስክሪፕት የጻፍኩት እኔ ነኝ። አስኬድኩት፤ ምንም አላለም። ዝርዝሩን ላክሁ፤ ልጆቹም ደወሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያው አዳራሽ አንዲት እናት አስቆሙኝ። «ልጄ፣ እንደውልልዎታለን ብላችሁኝ አልነበር? ዝም ስትሉ ጊዜ ደህና ብሆን ነው ብዬ ተውኩት» አሉኝ። ከቦርሳቸው ያወጡት ወረቀት ላይ 168/102 ተጽፏል።

የዚያን ቀን ማታ ፋይሎቹን ከፈትኩ። የሁለተኛው ጠረጴዛ ልጅ ፋይሉን «ጠረጴዛ 2» ብሎ አስቀምጦታል። የእኔ ስክሪፕት የሚፈልገው ደግሞ በሰረዝ የተጻፈውን «ጠረጴዛ-2» ነው። ሳያገኘው ሲቀር ኮምፒውተሩ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ብሎ ተናግሯል። እኔ ግን አስቀድሜ ዝም አሰኝቼዋለሁ። ጥፋቱ ይህችን በምታህል መስመር ውስጥ ነበር፦

ካት ጠረጴዛ-1 ጠረጴዛ-2 ጠረጴዛ-3 2>/ዴቭ/ነል | ./ማጣሪያ > የስልክ-ዝርዝር

ይህን ትምህርት የምጽፈው እንደ እኔ ኮምፒውተር ሳይማሩ ለማኅበር፣ ለቤተ ሙከራ ወይም ለቤት ሥራ ትንንሽ ስክሪፕት ለሚጽፉ ነው። መስመሯን ቁራጭ በቁራጭ እንፈታታት። ትእዛዞቹን በፊደላችን እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ፤ ስትሞክሯቸው የትእዛዙንና የተለዋዋጩን ስም በላቲን ፊደል ጻፉ። ምልክቶቹና ቁጥሮቹ ግን እንዳሉ ናቸው። የፋይል ስም በአማርኛ ቢሆንም ሊኑክስና ማክ ላይ ያለ ችግር ይሠራል።

ሁለት አፍ

አንድ ትእዛዝ ሲነሣ ሦስት መስመሮች ተከፍተው ይጠብቁታል። 0 የሚባለው መረጃ የሚገባበት ነው። 1 የሥራው ውጤት የሚወጣበት ነው። 2 ደግሞ የስህተት መልእክት የሚወጣበት ነው። ተርሚናል ላይ 1 እና 2 ተቀላቅለው ስለሚታዩ አንድ ይመስሉናል እንጂ ሁለት የተለያዩ አፎች ናቸው።

ለምን ሁለት አስፈለገ? በዩኒክስ የመጀመሪያ ዓመታት፣ ማለትም በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላብስ፣ ለስህተት የተለየ መውጫ አልነበረም። ጽሑፍ በፎቶ ወረቀት ላይ የሚያትም መሣሪያ ነበራቸው። የሆነ ነገር ሲበላሽ የስህተት መልእክቱ ከጽሑፉ ጋር አብሮ እየሄደ በውድ ወረቀት ላይ ታትሞ ይወጣ ነበር። ይህ ሲደጋገም ለስህተት የራሱ መስመር ተሠራለት። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ውጤቱ ወደ ሥራው ይሂድ፣ ቅሬታው ወደ ሰው ይምጣ።

እኔ ያደረግኩት ቅሬታው ወደ ሰው እንዳይመጣ ማድረግ ነው። /ዴቭ/ነል የሚባለው የገባበት ሁሉ የሚጠፋበት ልዩ ፋይል ነው። ለምን እንደዚያ አደረግኩ? ስክሪፕቱን ስሞክር የማይጠቅሙ የሚመስሉ ማስጠንቀቂያዎች ይወጡ ነበር፤ ገጹ ንጹሕ እንዲሆን ፈለግኩ። ነርሶች ይህን ያውቁታል። የሚጮኸውን ሞኒተር ዝም ለማሰኘት አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃል፤ የታካሚው ትንፋሽ ግን በቁልፉ አይስተካከልም።

ስህተቱን ወዴት እንላከው?

የሚከተሉትን አራት አጻጻፎች ከለያችሁ አብዛኛው ሥራ አለቀ።

> ሁሉም ሲባል የ1 ውጤት «ሁሉም» ወደሚባል ፋይል ይገባል። ስህተቱ ተርሚናሉ ላይ ይቀራል።

2> ስህተት ሲባል የ2 መልእክት «ስህተት» ወደሚባል ፋይል ይገባል። ፋይሉ ውስጥ የነበረው ይጠፋል።

2>> ስህተት ሲባል የነበረው ሳይጠፋ አዲሱ ከሥሩ ይጨመራል። ለመዝገብ የሚሆነው ይህ ነው።

2>&1 ሲባል ደግሞ 2 አሁን 1 ወደሚሄድበት ቦታ ይሂድ ማለት ነው።

በመጨረሻው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ምክንያቱም ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። ሼል የሚያነበው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። > ሁሉም 2>&1 ብትሉ መጀመሪያ 1 ወደ ፋይሉ ይዞራል፤ ቀጥሎ 2 ይከተለዋል፤ ሁለቱም ፋይሉ ውስጥ ይገባሉ። 2>&1 > ሁሉም ብትሉ ግን 2 የሚቀዳው 1 በዚያች ቅጽበት የነበረበትን ቦታ ማለትም ተርሚናሉን ነው። ከዚያ በኋላ 1 ብቻውን ወደ ፋይሉ ይሄዳል። ቦታውን ይቀዳል እንጂ እጅ ለእጅ አይያያዙም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ዝርዝር በምታዘጋጁበት ፋይል ውስጥ 2>&1 አትጠቀሙ። ብጠቀም ኖሮ «ጠረጴዛ-2 የለም» የሚለው መልእክት እንደ አንድ ታማሚ ተቆጥሮ በሰዎቹ ስም መካከል ይገባ ነበር። የቤል ላብስ የፎቶ ወረቀት ታሪክ ማለት ይኸው ነው።

የመውጫ ቁጥር

ትእዛዝ ሲጨርስ ከቃል በተጨማሪ ቁጥር ትቶ ይወጣል። 0 ከሆነ ተሳክቷል ማለት ነው። ከ1 እስከ 255 ያለው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ቁጥሩ $? በሚባለው ውስጥ ይቀመጣል፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ ቀጥሎ የመጣው ትእዛዝ በራሱ ቁጥር ይተካዋል። ስለዚህ ወዲያው ያዙት፦ ኮድ=$?

አንዳንዶቹን ቁጥሮች ማወቅ ጊዜ ይቆጥባል። 127 ትእዛዙ ራሱ አልተገኘም ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የፊደል ስህተት ነው። 126 ተገኝቷል ግን ሊነሣ አልቻለም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ፈቃድ ስለሌለው ነው። 130 ኮንትሮልና ሲ ተጭኖ ተቋረጠ፤ 137 በግድ ተገደለ ማለት ነው፤ ከ128 በላይ ያሉት በእነዚህ ሁለቱ እንደምታዩት 128 ሲደመር የምልክቱ ቁጥር ናቸው።

ግን 0 ያልሆነ ሁሉ አደጋ አይደለም። ግሬፕ ቃሉን ፈልጎ ካጣው 1 ይመልሳል፤ ፋይሉን ማንበብ ካልቻለ 2 ይመልሳል። «በዝርዝሩ ውስጥ ይህ ስልክ የለም» እና «ዝርዝሩን ማየት አልቻልኩም» ሁለት የተለያዩ መልሶች ናቸው። ታካሚው ትኩሳት የለውም ማለትና ቴርሞሜትሩ ተሰብሯል ማለት አንድ እንዳልሆነ ሁሉ።

የ2 መልእክትም ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። ከርል የማውረዱን ሂደት፣ ኤፍኤፍኤምፔግ ደግሞ የሥራውን ዝርዝር ሁሉ የሚያወጡት በ2 ነው። ስለዚህ መልእክት ስለመጣ ብቻ ወደቀ አትበሉ፤ መልእክት ስላልመጣ ብቻም ተሳካ አትበሉ። የሚፈርደው ቁጥሩ ነው፤ የሚያብራራው መልእክቱ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ቧንቧው የሚደብቀው

ወደ እኔ መስመር እንመለስ። መልእክቱን በ/ዴቭ/ነል አጠፋሁት እንበል፤ ቁጥሩስ? ካት ፋይሉን ሲያጣ ሁለቱን ፋይሎች አንብቦ 1 ትቶ ወጥቷል። እኔ ግን | በሚባለው ቧንቧ ከማጣሪያው ጋር አገናኝቼዋለሁ። ባሽ ለቧንቧ ሙሉ የሚሰጠው የመጨረሻውን ትእዛዝ ቁጥር ብቻ ነው። ማጣሪያው የደረሰውን በትክክል አጣርቶ 0 መለሰ። መስመሩ በሙሉ 0 ሆነ።

ሁለቱንም በር በራሴ እጅ ዘግቼ ነበር ማለት ነው፦ ቃሉን በ/ዴቭ/ነል፣ ቁጥሩን በቧንቧው። ብፈትሽም ኖሮ «ተሳክቷል» የሚል መልስ ነበር የማገኘው።

መድኃኒቱ በስክሪፕቱ አናት ላይ የምትገባ አንድ መስመር ናት፦ ሴት -ኦ ፓይፕፌይል። ከዚያ በኋላ በቧንቧው ውስጥ ከወደቁት መካከል በቀኝ በኩል የመጨረሻው የሆነው ቁጥሩን ለመስመሩ ሁሉ ይሰጣል። ማንም ካልወደቀ 0 ነው።

ብዙ ሰው ሴት -ኢ የሚለውንም ይጨምራል፤ ስህተት ሲገኝ ስክሪፕቱ ባለበት ይቆማል። ጠቃሚ ነው፤ ግን ሙሉ እምነት አትጣሉበት። በኢፍ ውስጥ የሚፈተን ትእዛዝ ወይም ከ|| በስተግራ ያለ ትእዛዝ ቢወድቅ አይቆምም። ሲቆምም ምን እንደሆነ በራሱ አይነግራችሁም። ለዚህ መልእክቱን መያዝ ያስፈልጋል።

መልእክቱን በተለዋዋጭ መያዝ

አሁን የምጠቀምበት አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦

መልእክት=$(ካት ጠረጴዛ-1 ጠረጴዛ-2 ጠረጴዛ-3 2>&1 > ሁሉም.ጊዜያዊ)
ኮድ=$?
ኢፍ (( ኮድ != 0 )); ዜን
  ኢኮ "ዝርዝሩ አልተሠራም፤ ኮድ $ኮድ፦ $መልእክት" >&2
  ኤግዚት 1
ፊ
ኤምቪ ሁሉም.ጊዜያዊ ሁሉም
./ማጣሪያ < ሁሉም > የስልክ-ዝርዝር

በመጀመሪያው መስመር ያ የቅደም ተከተል ጉዳይ ይጠቅመናል። በ$( ) ውስጥ 1 የሚሄደው ወደ ተለዋዋጩ ነው። 2>&1 ስንል ስህተቱ ወደ ተለዋዋጩ ይዞራል። ቀጥሎ > ስንል ውጤቱ ብቻውን ወደ ፋይሉ ይሄዳል። ስለዚህ የሰዎቹ መረጃ በፋይሉ፣ ቅሬታው በተለዋዋጩ ይቀመጣል፤ አይቀላቀሉም።

ሁለተኛው መስመር ቁጥሩን ወዲያው ይይዛል። ፈንክሽን ውስጥ ከሆናችሁ ግን ተጠንቀቁ፦ ሎካል የሚለውን ቃል ከ$( ) ጋር በአንድ መስመር ካያያዛችሁት $? የሚነግራችሁ የሎካልን ቁጥር ነው፤ እሱ ደግሞ 0 ነው። መጀመሪያ ተለዋዋጩን አውጁ፤ በሚቀጥለው መስመር ሙሉት።

ኢኮ ካለበት መስመር መጨረሻ ያለው >&2 የራሳችሁን መልእክት በ2 እንዲወጣ ያደርጋል። የእናንተም ስክሪፕት ነገ በሌላ ሰው ቧንቧ ውስጥ ይገባ ይሆናል፤ ቅሬታው ከውጤቱ ጋር እንዳይቀላቀልበት አስቡለት። ኤግዚት 1 ደግሞ አስፈላጊ ናት። ስህተቱን ጽፎ በ0 የሚወጣ ስክሪፕት አልጋው አጠገብ ቆሞ በሹክሹክታ «እርዳታ» እንደሚል ሰው ነው።

«ሁሉም.ጊዜያዊ» ለምን አስፈለገ? > የሚለው ምልክት ትእዛዙ ሥራ ሳይጀምር ፋይሉን ባዶ ያደርገዋል። ሥራው መሐል ላይ ቢወድቅ ግማሽ ዝርዝር በሙሉ ዝርዝር ስም ይቀመጣል፤ ያን ያየ ሰው ሙሉ ነው ብሎ ይደውላል። በጊዜያዊ ስም አዘጋጅቶ ሲሳካ ብቻ ስሙን መለወጥ ይሻላል።

በመልእክቱ ቃላት ላይ ግን ፍርድ አትስጡ። የስህተት መልእክት በኮምፒውተሩ የቋንቋ ምርጫ ሊለወጥ ይችላል። አንዳችን በእንግሊዝኛ፣ ሌላችን በጀርመንኛ ወይም በስዊድንኛ የተዘጋጀ ላፕቶፕ ነው የምንይዘው። «የለም» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ የሚፈልግ ስክሪፕት በጓደኛችሁ ማሽን ላይ ደንቆሮ ይሆናል። ለውሳኔ ቁጥሩን፣ ለሰው መልእክቱን።

መልእክቱ ማን ዘንድ ይደርሳል?

ስክሪፕቱን በክሮን በየሌሊቱ የምታስኬዱት ከሆነ ተርሚናል የለም፤ የሚያይም ሰው የለም። ክሮን ውጤቱን በዚያ ማሽን ላይ ላለው ባለቤት በመልእክት ሳጥን ለመላክ ይሞክራል፤ ፖስታው ካልተዘጋጀ ግን ማንም ሳያየው ይቀራል። ስለዚህ በክሮኑ መስመር መጨረሻ ላይ >> መዝገብ 2>&1 ጨምሩ፤ መዝገቡን የሚያየውንም ሰው በስም መድቡ። በፈረቃ ርክክብ ላይ «አንድ ሰው ያየዋል» ማለት ማንም አያየውም ማለት እንደሆነ የተግባር ልምምድ ላይ ተምረናል።

የጤና መረጃ ከያዛችሁ ደግሞ መዝገቡ ራሱ ጠንቅ ሊሆን ይችላል። ሴት -ኤክስ የሚባለው መመርመሪያ እያንዳንዱን ትእዛዝ ከእነ እሴቱ በ2 ያወጣል፤ በተለዋዋጭ የያዛችሁት ስልክም ሆነ የይለፍ ቃል ተጽፎ ይቀራል። ስህተቱን ለጓደኛ በቴሌግራም ከመላካችሁ በፊት አንብቡት። በስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ ዩማስክ 077 ብትሉ የሚፈጠሩት ፋይሎች ለእናንተ ብቻ የሚነበቡ ይሆናሉ።

/ዴቭ/ነል ፈጽሞ አይነካ እያልኩ አይደለም። አንድ ፕሮግራም መኖሩን ብቻ ስትፈትሹና የመውጫ ቁጥሩን እያያችሁ ከሆነ ቃሉን መጣል ምንም አይደለም። ደንቡ ይህ ነው፦ ከሁለቱ ምስክሮች አንዱን ማሰናበት ትችላላችሁ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አታሰናብቱ።

ሁለቱም ዝም ሲሉ

መልእክትም ሳይኖር፣ ቁጥሩም 0 ሆኖ፣ ሥራው የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ የ«ጠረጴዛ-1» የመጨረሻ መስመር በአዲስ መስመር ምልክት ካልተዘጋ ካት የዚያን ሰው መስመር ከ«ጠረጴዛ-2» የመጀመሪያ ሰው ጋር አጣብቆ አንድ ያደርገዋል። በካት በኩል ስህተት የለም፤ የተባለውን አድርጓል። ሁለት ሰዎች ግን አንድ ሰው ሆኑ።

ለዚህ መድኃኒቱ መቁጠር ነው። ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ቁስሉ ከመዘጋቱ በፊት ፋሻውና መሣሪያው ይቆጠራል፤ «ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል» መልስ አይሆንም። እኛም አሁን እያንዳንዱ ጠረጴዛ ስንት ሰው እንደለካ በወረቀት ይጽፋል። ስክሪፕቱ ደብሊውሲ -ኤል በሚባለው ትእዛዝ የ«ሁሉም»ን መስመሮች ቆጥሮ ከወረቀቱ ድምር ጋር ያስተያያል። ባለፈው ዓመት ይህን ባደርግ ኖሮ ወረቀቱ 27፣ 19 እና 22 ይል ነበር፤ ድምሩ 68። ፋይሉ ግን 49 መስመር ነበረው። አሥራ ዘጠኝ ሰው ጎድሏል ብሎ ያፈጥብኝ ነበር።

ዛሬ ማታ ሞክሩት

አምስት ደቂቃ ካላችሁ ተርሚናል ክፈቱ። አንድ ያለ ፋይልና አንድ የሌለ ፋይል ስም ለካት ስጡና ውጤቱን በ> ወደ አንድ ፋይል፣ ስህተቱን በ2> ወደ ሌላ ፋይል ላኩ። ሁለቱን ፋይሎች ተመልከቱ። ከዚያ ያንኑ ትእዛዝ እንደገና አስኬዱና በሚቀጥለው መስመር $? በኢኮ አውጡት፤ ቁጥሩን ታያላችሁ። አሁን ደግሞ ካትን በ| ከሌላ ትእዛዝ ጋር አያይዙና እንደገና $? ተመልከቱ፤ 0 ይሆናል። ያ 0 እኔን ያሳሳተኝ ነው።

ያቺ እናት በማግስቱ ተደውሎላቸው ቀጠሮ ተያዘላቸው፤ መድኃኒት ጀምረዋል። በሁለተኛው ጠረጴዛ ለነበሩት ለሌሎቹም እኔው ራሴ ደወልኩ። እያንዳንዱን ጥሪ የጀመርኩት በይቅርታ ነው፤ ብዙዎቹም «ዝም ስትሉ ደህና ነው ብለን» አሉኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በሽታውን የደበቁት እነሱ አልነበሩም፤ ገጹ ንጹሕ እንዲሆንላት የፈለገች ልጅ ናት።

በዚህ ሴሚስተሩ ምርመራ ስክሪፕቱ በመጀመሪያ ሙከራ ቆመ። «ዝርዝሩ አልተሠራም፤ ኮድ 1» ብሎ «ጠረጴዛ-3» እንደሌለ ነገረኝ። ልጁ ፋይሉን ገና አልላከም ነበር። ደወልኩለት፤ ላከ፤ ቁጥሩ ገጠመ። ያቺ ቀይ መስመር ባለፈው ዓመት አስጠልታኝ ነበር፤ ዘንድሮ አመሰገንኳት።